አርባ ልጆች፦ ስለ ስደት ጎዳና

የሕዝብ ፍልሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በሁለት ምክንያቶች ነው፤ እነርሱም ከአገር የሚያስወጣ መከራና ወደ ሌላ አገር የሚስብ እንጀራ ናቸው። ነገር ግን ስደተኛው ከብዙ አገሮች መካከል ወደ አንዲቱ ስለ ምን እንደ ደረሰ እነዚህ ብቻቸውን አያስረዱም።

በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት በአርመኖች ላይ ከተጀመረው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠልለው ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደዚያ በሄዱ ጊዜ ዐርባውን ከፓትርያርኩ አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ ልጆቹም የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ።

ይህ ጎዳና ግን አዲስ አልነበረም። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ፥ በኢየሩሳሌምም ለብዙ ዘመን ጎረቤታሞች ናቸው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም የአርመን አንጥረኞችና ነጋዴዎች አዲስ አበባ ገብተው ነበር።

ዜማውን የልጆቹ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን፥ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ የደረሱት መዝሙር እስከ አብዮቱ ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቈየ። አገሩን ያጣ ሰው ለሌላ አገር የክብሯን ዜማ ሰጠ ማለት ነው። እንግዲህ ተመራማሪው ስለ ስደተኛው «ከየት መጣ?» ብሎ ብቻ ሳይወሰን፥ «ማን በጠረገው መንገድ መጣ? ከሥራውስ የትኛውን የራሳችን አደረግነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።