ያለ ዋጋ የተከፈቱ በሮች



የሰው ልጅ ከበሽታ ጋራ ያደረገው ትግል ታሪክ በተጻፈ ቍጥር፣ ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሣው መድኃኒት ያገኙ ሊቃውንትና መሣሪያ የሠሩ ጠቢባን ናቸው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጋራ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ብዙም ያልተወሳ ሌላ ታሪክ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የምረዳዎ ነገር የለኝም» ብሎ ካሰናበተው በኋላ ሕመምተኛው ወዴት ሄደ? ማንስ ተቀበለው? ቤተ ሰቡስ በምን ተጽናና? የሚለው ታሪክ ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ በአገራችን ነቀርሳ ይባል በነበረው፣ አሁን ግን አብዛኛው ሰው ካንሰር በሚለው በሽታ ለተያዙ ሰዎችና ለቤተ ሰቦቻቸው ያለ ዋጋ የሚሰጠው ርዳታ ከምን ተነሥቶ ከምን እንደ ደረሰ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው፣ የኢትዮጵያ ብለን ካልለየን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነቀርሳ በቀድሞው ዘመን ሰውን የሚጎዳው በሥቃዩ ብቻ አልነበረም፤ በመፈራቱም ጭምር እንጂ። ቍስሉ በውጭ በተገለጠ ጊዜ ለዓይን የሚያስጨንቅ በመሆኑ፣ ሕዝቡ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ይመስለው ነበር። በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በዚያች ከተማ ዣን ጎዲኖ የሚባሉ ካህን ነበሩ። እኒህ ሰው በወይን ጠጅ ንግድ ብዙ ሀብት አግኝተው፣ ከሀብታቸው ከፍለው ለከተማዪቱ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ እንዲገባ አደረጉ። በ1740 ዓ.ም. ደግሞ ለነቀርሳ ሕመምተኞች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ «በሽታው ይጋባብናል» እያለ ስለ ጮኸ፣ በ1779 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ከከተማው ውጭ እንዲወጣ ግድ ሆነ። የጎዲኖን ውሃ በደስታ የጠጣው ሕዝብ የጎዲኖን ሕመምተኞች በጎረቤትነት ሊቀበል አልቻለም ማለት ነው። ፍርሃት ውለታን እንዴት እንደሚያስረሳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1792 ዓ.ም. በለንደን በሚገኘው በሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ሳሙኤል ዊትብረድ የተባሉ ባለጸጋ የቢራ ጠማቂ በሰጡት ገንዘብ ለነቀርሳ ሕመምተኞች የተለየ ክፍል ተከፈተ። በዚያ ዘመን ሆስፒታሎች የሚድነውን ሕመምተኛ ተቀብለው የማይድነውን ቶሎ የማሰናበት ልማድ ነበራቸው። የዚህ ክፍል ደንብ ግን ሕመምተኛው የጊዜ ወሰን ሳይደረግበት፣ እስኪሻለው ወይም ዕድሜው እስኪፈጸም ድረስ ሊቀመጥ እንዲችል ፈቀደ። የማይድን ሰውም አልጋ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ በደንብ ተጽፎ ከምናይባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሴቶች ሥራ ነው። በሊዮን ከተማ ዣን ጋርኒዬ የተባሉ ወጣት ሴት ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን በሞት ተነጠቁ። ኀዘናቸውን ይዘው በቤት ከመቀመጥ ይልቅ፣ በ1842 ዓ.ም. እንደ እርሳቸው ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩም ሥራ ሌላ የማይቀበላቸውን፣ ቍስላቸው የከፋ የማይድኑ ድሆች ሴቶችን ማስታመም ነበር። ዣን ጋርኒዬ በ1853 ዓ.ም. ቢሞቱም ሥራቸው አልቆመም፤ በ1874 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ሌላ ቤት ተከፈተ። ልብ እንበል፤ እነዚህ ሴቶች ሐኪሞች አልነበሩም። ያላቸው ዕውቀት ኀዘን ያስተማራቸው ብቻ ነበር።

ከባሕር ማዶ በአሜሪካ ይህን ሥራ ያስፋፉት የታወቀው ደራሲ የናትናኤል ሃውቶርን ልጅ ወይዘሮ ሮዝ ሃውቶርን ናቸው። እኒህ ሴት አንድ ልጃቸው በሕፃንነቱ ሞቶባቸዋል። ወዳጃቸው የነበረችው ባለቅኔዪቱ ኤማ ላዛረስ በ1887 ዓ.ም. በነቀርሳ ስትሞት፣ የሀብታም ልጅ በመሆኗ ሐኪምም አስታማሚም አላጣችም ነበር። በኋላ ግን ልብስ በመስፋት ትተዳደር የነበረች አንዲት ድሃ ሴት በዚሁ በሽታ ተይዛ፣ ገንዘቧ ባለቀ ጊዜ የከተማው ድሆች ወደሚከማቹበት ደሴት መወሰዷን ሰሙ። በሽታው አንድ ሲሆን አሟሟቱ ስለ ምን ሁለት ይሆናል? የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው። ስለዚህ በኒውዮርክ የነቀርሳ ሆስፒታል ጥቂት ወራት የማስታመምን ሥራ ተምረው፣ በ1896 ዓ.ም. ድሆች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ተከራይተው ሕመምተኞችን ይቀበሉ ጀመር። ሠዓሊዪቱ አሊስ ሁበርም መጥተው አገዟቸው። በ1899 ዓ.ም. የማይድኑ የነቀርሳ ሕመምተኞች ያለ ዋጋ የሚኖሩበት ቤት በከተማው ተከፈተ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሁለተኛው ቤት ተጨመረ። ወይዘሮ ሮዝ በኋላ መነኵሴ ሆነው በ1926 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በዚሁ ሥራ ጸንተዋል።

የዚህ ቤት ዋና ሕግ ከሕመምተኛውም ሆነ ከዘመዶቹ ምንም ዓይነት ገንዘብ አለመቀበል ነበር። ይህ ሕግ በመጀመሪያ ሲሰሙት የቸርነት ብዛት ብቻ ይመስላል። በጥልቀት ሲመረምሩት ግን ትልቅ ጥበብ ያለበት ነው። ትንሽም ቢሆን ክፍያ ባለበት ቦታ ብዙ የከፈለና ጥቂት የከፈለ የሚባል ልዩነት ይፈጠራል፤ ያልከፈለውም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ሁሉም ያልከፈለ ሲሆን ግን ሁሉም እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ክቡር ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የምናነሣው ሰው በተለይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነውን አድማጭ ይመለከተዋል። ሚስተር ዳግላስ ማክሚላን በእርሻ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ተራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. አባታቸው በነቀርሳ ተሠቃይተው ሲሞቱ አዩ። በዚህም እጅግ አዝነው፣ ከአባታቸው ባገኟት 10 ፓውንድ ነቀርሳን ለመከላከልና የታመሙትን ለመርዳት የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ። ሥልጣን ወይም ሰፊ ሀብት አልነበራቸውም። የነበራቸው ከቢሮ ሲወጡ የሚተርፋቸው ጊዜና በመሥሪያ ቤት የለመዱት የደብዳቤና የመዝገብ ሥራ ነበር። ማኅበሩ ለችግረኞች ሕመምተኞች ገንዘብ እየሰጠ፣ ስለ በሽታው ዕውቀት እያሰራጨ ከዓመት ወደ ዓመት አደገ። ሚስተር ማክሚላን በ1969 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮም በስማቸው የሚጠሩ ልዩ አስታማሚዎች ተሰማሩ። ያ በ10 ፓውንድ የተጀመረ ማኅበር ዛሬ በብሪታንያ ካሉት ታላላቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱ ነው።

ርዳታ ሲባል ግን አልጋና ገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ ቴሬዝ ላሰር የተባሉ የኒውዮርክ ሴት በነቀርሳ ምክንያት ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚለብሱ፣ ክንዳቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ፣ ለቤተ ሰብ ምን እንደሚሉ የሚነግራቸው አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ወደ ሌሎች ሴቶች አልጋ እየሄዱ የደረሰባቸውን ይነግሩና ያጽናኑ ጀመር። ከዚህ ጕብኝት የተወለደው አገልግሎት በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥር ሆኖ በብዙ አገር ተስፋፋ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል እነዚህ ሴቶች በሥራ ገለጡት።

በዘመናችን ይህን ሁሉ በአንድነት ሰብስበው ሥርዓት ያስያዙት ዶክተር ሲስሊ ሶንደርስ ናቸው። አስታማሚ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ርዳታ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. ዴቪድ ታስማ የተባለ፣ በለንደን ዘመድ አልባ የሆነ ፖላንዳዊ ስደተኛ በነቀርሳ ሲሞት፣ ሲስሊ ሶንደርስ ላሰቡት ቤት መነሻ እንዲሆን 500 ፓውንድ ተወላቸው። ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለው ቤት የተከፈተው ግን በ1967 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ 19 ዓመት አለፈ። በመግቢያው ያለው መስኮት እስከ ዛሬ የዚያ ስደተኛ መታሰቢያ ነው። ዶክተር ሶንደርስ ያስተማሩት፣ የሕመምተኛው ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የኅሊና፣ የኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን፣ ስለዚህም ሥቃይን የሚያስታግሥ መድኃኒት ከማጽናናት ጋራ አብሮ መሰጠት እንዳለበት ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮም ባለሞያዎቹ በየቤቱ እየሄዱ ሕመምተኛውን ይረዱ ጀመር።

ይህ ትምህርት ወደ አፍሪካም ደረሰ። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ዓ.ም. በካምፓላ ተመሳሳይ ድርጅት አቋቁመው፣ በአፍ የሚወሰድ ርካሽ ሞርፊን በየቤቱ እንዲደርስ አደረጉ። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. ሆስፒስ ኢትዮጵያ ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ሕመምተኞችን በቤታቸው መርዳት ጀመረ። በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተመሠረተ። ማኅበሩ የተሰየመው በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም ሲሆን፣ ያቋቋሙትም ልጃቸውን ያጡት ወላጆቹ ናቸው። እንግዲህ ሊዮንን፣ ኒውዮርክንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ አንድ ክር አለ፤ በሦስቱም ቦታ ኀዘን የደረሰበት ሰው ኀዘኑን ለሌላው መጠጊያ አደረገው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፍ አንድ ቁም ነገር አለ። ሕዝባችን ተባብሮ መሸከምን ከማንም አልተማረም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ያውቃል። በየሰፈሩ እድር አለ፤ መዝገብ ያዥ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዳኛ አለው። ነገር ግን የብዙ እድር ደንብ ሥራውን የሚጀምረው ድንኳን በሚተከልበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ሕመምተኛው ብዙ ወራት አልፈውበታል። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከጠቅላይ ግዛት የመጣው ሰው ተራ እስኪደርሰው በሬውን የሸጠበትን ገንዘብ ለአልጋ ኪራይ ሲከፍል ኖሯል። ለቀብሩ የሚሰጠው ብር በሕይወቱ ሳለ ቢደርሰው ምን ያህል በጠቀመው!

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በኤች አይ ቪ ምክንያት ብዙ ሰው ባለቀበት ጊዜ፣ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኛን መጠየቅና ወላጅ ያጡትን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ስለዚህ መንገዱ ተጠርጓል። ደንብ ማርቀቅ፣ መዝገብ መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በየእድሩ አለ፤ ሚስተር ማክሚላንም ከዚህ የበለጠ ሞያ አልነበራቸውም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ አባል ተነሥቶ «ከመዋጮአችን ጥቂቱ ለታመመው በሕይወቱ ሳለ ይድረሰው» ቢል፣ ሌላውም «በየሳምንቱ ሁለት ሰው እየሄደ አስታማሚዪቱን ያሳርፋት» ብሎ ቢደግፈው፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።