የሚመርጡት ፓርቲ ያጡ መራጮች፦ የሴቶች መብት ክርክርና ትንንሽ ፓርቲዎች በብሪታንያ

በብሪታንያ ለረጅም ዓመታት ለአንድ ፓርቲ ድምፅ ሲሰጡ ኖረው፣ በአንድ ጉዳይ ምክንያት ከፓርቲያቸው ጋር የተለያዩ መራጮች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የግራ ዘመሙ የሌበር ፓርቲ ወይም የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ደጋፊ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ያለያያቸው ጉዳይ በሕግ “ሴት” የሚለው ቃል ማንን ይመለከታል የሚለው ጥያቄ ነው። የቀድሞ ፓርቲያቸውን መምረጥ አልፈለጉም፤ በኑሮ፣ በጤናና በግብር ጉዳይ ከተቃራኒው ፓርቲ ጋር ስለማይስማሙ ወደዚያም መሄድ ከብዷቸዋል። በመሆኑም አንዳንዶቹ ለትንሽ ፓርቲ ወይም ለግል ዕጩ ድምፅ መስጠትን እንደ አማራጭ ይዘዋል። ይህ ጽሑፍ የክርክሩን መነሻ፣ የፓርቲዎቹን አቋምና የምርጫ ሥርዓቱን አሠራር ያብራራል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

የክርክሩ መነሻ የሆኑ ሁለት ሕጎች

የመጀመሪያው በ2004 የወጣው የሥርዓተ ጾታ ዕውቅና ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2002 ብሪታንያ ጾታቸውን ለቀየሩ ዜጎች ሕጋዊ ዕውቅና አለመስጠቷ መብታቸውን የሚጥስ መሆኑን ከወሰነ በኋላ ነው። በሕጉ መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ የሕክምና ማስረጃ ያቀረበና በመረጠው ጾታ ቢያንስ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ሕጋዊ ጾታውን የሚቀይር የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል።

ሁለተኛው በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ነው። ይህ ሕግ አድልዎ እንዳይፈጸምባቸው ከለላ የሚሰጣቸውን ዘጠኝ መለያዎች ይዘረዝራል፤ ጾታ አንዱ ሲሆን ጾታን መቀየር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ መለያ ነው። ሕጉ በቂ ምክንያት ሲኖር ለሴቶች ብቻ የተለየ አገልግሎት መስጠትንም ይፈቅዳል። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ፣ የሆስፒታል መኝታ ክፍል፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍልና የስፖርት ውድድር በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው በዚህኛው ሕግ “ሴት” ተብሎ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ግን ለዓመታት ግልጽ ምላሽ አላገኘም ነበር።

ስኮትላንድ ላይ የተካረረው ፍጥጫ

ክርክሩ ወደ ምርጫ ሜዳ በግልጽ የወጣው በስኮትላንድ ነው። የስኮትላንድ ምክር ቤት በታኅሣሥ 22 ቀን 2022 የምስክር ወረቀቱን አሰጣጥ የሚያቀልል ረቂቅ ሕግ በ86 ድጋፍና በ39 ተቃውሞ አጸደቀ። ረቂቁ የሕክምና ማስረጃ መጠየቅን ያስቀራል፤ የዕድሜ መነሻውን ወደ 16 ዓመት ዝቅ ያደርጋል፤ የሁለት ዓመቱን ቆይታም ለአዋቂዎች ወደ ሦስት ወር ያሳጥራል።

የለንደኑ መንግሥት በጥር 2023 ረቂቁ ሕግ ሆኖ እንዳይጸና አገደው። የስኮትላንድ ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ በማዕከላዊ መንግሥት ሲታገድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ወር ጾታውን ከመቀየሩ በፊት ሁለት ሴቶችን በመድፈር የተከሰሰ ግለሰብ ጥፋተኛ ተብሎ በመጀመሪያ ወደ ሴቶች ማረሚያ ቤት መላኩ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ግለሰቡም በቀናት ውስጥ ወደ ወንዶች ማረሚያ ቤት ተዛወረ።

በገዢው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ውስጥም ስንጥቅ ተፈጠረ። ሚኒስትር የነበሩት አሽ ሬጋን ረቂቁን በመቃወም በ2022 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በቀጣዩ ዓመትም አልባ ወደተባለው ትንሽ ፓርቲ ተሻገሩ።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

በአንድ ወገን ያሉት ሴቶች መብታቸው በተፈጥሯዊ ጾታ ላይ ተመሥርቶ ሊጠበቅ ይገባል ይላሉ። እርግዝና፣ ወሊድ፣ የጾታ ጥቃትና የአካል ጥንካሬ ልዩነት ከተፈጥሯዊ ጾታ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ቦታዎች ትርጉም የሚኖራቸው በዚህ መለኪያ ሲታዩ ነው የሚል ክርክር ያቀርባሉ። ሐሳባቸውን በመግለጻቸው ከሥራና ከፓርቲ መገለል እንደደረሰባቸው የሚናገሩም አሉ። አንድ የሥራ ክርክር ይግባኝ ሰሚ ችሎት በ2021 እንዲህ ያለው አመለካከት በእኩልነት ሕጉ ጥበቃ የሚደረግለት እምነት መሆኑን ወስኗል።

በሌላው ወገን ያሉት ትራንስጀንደር ማለትም ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው ናቸው። የምስክር ወረቀት ማግኛው ሂደት ረጅምና ክብርን የሚነካ ነው፤ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ ዜጎችን እንደ ሥጋት መመልከት ለጥላቻና ለጥቃት ያጋልጣቸዋል ይላሉ። የጥቂት ወንጀለኞች ድርጊት የሁሉም መለኪያ ሊሆን እንደማይገባ ያሳስባሉ። ከሴቶች መብት ተሟጋቾችም ብዙዎቹ ይህን ሐሳብ ስለሚደግፉ፣ ክርክሩ በሴቶችና በትራንስጀንደር ሰዎች መካከል ብቻ የሚደረግ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የትልልቆቹ ፓርቲዎች አቋም መለዋወጥ

መራጮቹን ግራ ያጋባቸው አንዱ ነገር የፓርቲዎቹ አቋም መለዋወጥ ነው። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በቴሬዛ ሜይ ዘመን፣ በ2018፣ የምስክር ወረቀቱን አሰጣጥ ለማቅለል ሕዝብ አወያይቶ ነበር፤ በ2020 ግን ዕቅዱን ተወው። በ2024 የምርጫ ዘመቻው ደግሞ በእኩልነት ሕጉ ጾታ ማለት ተፈጥሯዊ ጾታ መሆኑን በግልጽ ለመጻፍ ቃል ገባ። ሌበር በበኩሉ የሕክምና ማስረጃን የማስቀረት ሐሳብ ይደግፍ የነበረ ሲሆን፣ በ2023 አቋሙን ቀይሮ የሐኪም ምርመራ እንዲቀጥል እንደሚፈልግ አስታወቀ።

ለውጡ ግን ሁሉንም አላረካም። ለሌበር በ2008 አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የለገሱት ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ፣ ከ2024ቱ ምርጫ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ባሳተሙት ጽሑፍ ለፓርቲው ድምፅ መስጠት እንደሚከብዳቸው ገልጸዋል።

በዚሁ ምርጫ ከቀረቡት አማራጮች አንዱ በኬሊ ጄ ኪን የተመሠረተውና የሴቶችን መብት ዋና አጀንዳው ያደረገው የሴቶች ፓርቲ ነው። አልባ በስኮትላንድ፣ ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ደግሞ በእንግሊዝ ተመሳሳይ አቋም ይዘው ተወዳድረዋል። ሦስቱም አንድም መቀመጫ አላገኙም። የሴቶች ፓርቲ መሥራች በብሪስቶል ማዕከላዊ የምርጫ ክልል ያገኙት ድምፅ ከ1 በመቶ በታች ነበር።

ትንሽ ፓርቲ ለምን መቀመጫ አያገኝም?

ምክንያቱ በዋናነት የምርጫ ሥርዓቱ ነው። የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት 650 የምርጫ ክልሎች አሉት። በእያንዳንዱ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ያሸንፋል፤ ለተሸናፊዎች የተሰጠው ድምፅ ወደ መቀመጫ አይለወጥም። አሠራሩ ለእኛም አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ የደነገገው ይህንኑ ነው።

የ2024 ውጤት ይህን በግልጽ ያሳያል። ሌበር በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 መቀመጫ አገኘ። ሪፎርም ዩኬ 14.3 በመቶ፣ ማለትም ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ ያሸነፈው 5 መቀመጫ ብቻ ነው። ሊበራል ዴሞክራቶች ግን በ12.2 በመቶ 72 መቀመጫ ወሰዱ። ልዩነቱን ያመጣው የድምፁ አቀማመጥ ነው፤ የሪፎርም ድምፅ በመላ አገሪቱ ተበትኗል፤ የሊበራሎቹ በተወሰኑ ክልሎች ተሰብስቧል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በዚህ ሥርዓት ያልተሰባሰበ ድምፅ አቅም አይኖረውም።

ለመወዳደር የሚያስፈልገው ግን ብዙ አይደለም። ዕጩው የአሥር መራጮችን ፊርማና 500 ፓውንድ ማስያዣ ያቀርባል፤ ከተሰጠው ድምፅ ከ5 በመቶ በታች ካገኘ ማስያዣው አይመለስለትም።

የስኮትላንድ ምክር ቤት ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ከ129ኙ መቀመጫዎች 56ቱ የሚደለደሉት የፓርቲዎችን የድምፅ ድርሻ በሚያመጣጥን ስሌት ነው። ሆኖም አልባ በ2021 በዚሁ ክፍል ተወዳድሮ 1.7 በመቶ ብቻ በማግኘቱ ያለ መቀመጫ ቀርቷል።

ያለ መቀመጫ ተጽዕኖ ማሳደር ይቻላል?

የቅርብ ታሪክ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። የብሪታንያ ነጻነት ፓርቲ በ2015 12.6 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አንድ መቀመጫ ብቻ ቢያሸንፍም፣ ቀደም ሲል ጀምሮ በወግ አጥባቂዎቹ ላይ ያሳደረው ጫና ለ2016ቱ የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ መንገድ ከጠረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

የሰሜን አየርላንድ የሴቶች ጥምረት ሌላው ማሳያ ነው። በ1996 ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ምርጫ ያገኘው 1 በመቶ ገደማ ድምፅ ነበር። ይሁን እንጂ የምርጫው ደንብ ብዙ ድምፅ ላገኙ አሥር ፓርቲዎች ተጨማሪ መቀመጫ ይሰጥ ስለነበር፣ ሁለት ሴቶች ወደ ሰላም ድርድሩ ገቡ፤ በ1998ቱ ስምምነትም ተሳታፊ ሆኑ። ፓርቲው በ2003 መቀመጫዎቹን አጥቶ በ2006 ተበተነ። በአይስላንድም የሴቶች ዝርዝር የተባለው ፓርቲ በ1983 ሦስት፣ በ1987 ስድስት መቀመጫ አግኝቷል፤ አገሪቱ የምትከተለው ሥርዓት መቀመጫን እንደ ድምፅ ድርሻ የሚያከፋፍል ነበርና።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ

ፓርቲዎቹ ያልቋጩትን የሕግ ጥያቄ የመለሰው ፍርድ ቤት ነው። የስኮትላንድ ምክር ቤት በ2018 በመንግሥታዊ ተቋማት ቦርዶች ውስጥ የሴቶችን ድርሻ ለማሳደግ ያወጣው ሕግ የምስክር ወረቀት የያዙትንም ማካተት አለማካተቱ ሲያከራክር ቆይቶ፣ ጉዳዩ ለብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አምስት ዳኞች በሚያዝያ 16 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ፣ በ2010 የእኩልነት ሕግ “ሴት” እና “ጾታ” የሚሉት ቃላት ተፈጥሯዊ ጾታን እንደሚያመለክቱ ወሰኑ። ዳኞቹ ትራንስጀንደር ሰዎች ጾታን በመቀየር መለያ ከአድልዎ የሚጠበቁ መሆናቸውን አረጋግጠዋል፤ ውሳኔው የአንዱ ወገን ድል ተደርጎ እንዳይታይም አሳስበዋል።

ውሳኔው የሕጉን ትርጉም ለየ እንጂ ክርክሩን አልዘጋም። መሥሪያ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና የስፖርት ማኅበራት በምን አኳኋን ይፈጽሙት የሚለው አዲስ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ምክር ቤቱም ወደፊት ሕጉን የመቀየር ሥልጣን አለው።

መራጩ የሚመዝነው

በዚህ ሁኔታ ያለ መራጭ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ብዙ ጉዳዮችን መመዘን ይጠበቅበታል። የምርጫ ክልሉ አንድ ፓርቲ በሰፊ ልዩነት የሚያሸንፍበት ከሆነ፣ ለትንሽ ፓርቲ የተሰጠ ድምፅ ውጤቱን ሳይቀይር ቅሬታን ያሳያል። ፉክክሩ ጠባብ በሆነበት ክልል ግን ያው ድምፅ መራጩ ይበልጥ የማይፈልገው ዕጩ እንዲያሸንፍ ሊያደርግ ይችላል። አንዳንዶች ፓርቲያቸው ውስጥ ሆነው መታገልን፣ ሌሎች የግል ዕጩን፣ የቀሩት ደግሞ ወረቀታቸውን ሆን ብለው ማበላሸትን መርጠዋል።

ጉዳዩ በብሪታንያ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። ለታችኛው ምክር ቤት ለመምረጥ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም የጋራ ብልጽግና አገር ዜግነት ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ የጋራ ብልጽግና አባል ባለመሆኗ የብሪታንያ ዜግነት ያላገኙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ምርጫ ድምፅ አይሰጡም። በስኮትላንድ ግን ከ2020 ወዲህ ዕድሜያቸው 16 ዓመት የሞላና ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ዜጎች ለስኮትላንድ ምክር ቤትና ለአካባቢ ምክር ቤቶች መምረጥ ይችላሉ።