የፖሎክ እጅና የስቱዲዮው ወለል

ጃክሰን ፖሎክ እ.ኤ.አ. በ1948 በሠራውና ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በሚገኘው «ቁጥር 1ኤ» ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ በስተቀኝ፣ የሰው መዳፍ ደጋግሞ ታትሟል። ሠዓሊው እጁን ቀለም ውስጥ ነክሮ ሸራው ላይ አሳርፎታል። ስለ አሠራሩ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከተጻፈው ይልቅ ሰውነቱ ጥሎት ያለፈውን ምልክት አስቀድሞ መመርመር ይበጃል ባይ ነኝ።

ፖሎክና ባለቤቱ ሠዓሊት ሊ ክራስነር በ1945 መገባደጃ ከከተማ ወጥተው ሎንግ አይላንድ ውስጥ ስፕሪንግስ በተባለች መንደር ኑሮ ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት በግቢያቸው የነበረው የእንጨት መጋዘን ስቱዲዮ ሆነ። ፖሎክ ሸራውን ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ በአራቱም ጎን እየዞረ፣ ቀጠን ያለ ቀለም በዱላና በደረቀ ብሩሽ ከላይ ያፈስስበት ነበር። ብሩሹ ሸራውን ስለማይነካ መስመሩን የሚወስነው የሰውነቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ሲፈጥን መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል፣ ቆም ካለ ቀለሙ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ሥዕሉን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የክንዱን ፍጥነት ሊያነብበው ይችላል።

በሐምሌ 1950 ፎቶግራፍ አንሺው ሀንስ ናሙት ካሜራውን ይዞ መጣ። በወራት ውስጥ ያነሳቸው ከ500 በላይ ፎቶግራፎች ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን አንሥቶ፣ ክንዱን ወርውሮ የሚሠራ ሰው ያሳያሉ። በ1952 ሃያሲው ሃሮልድ ሮዘንበርግ፣ ፖሎክን በስም ሳይጠራ፣ ሸራ የድርጊት ሜዳ ሆኗል ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ፖሎክ በብዙዎች ዘንድ በስሜት ነድዶ ቀለም የሚረጭ ሰው ተደርጎ ታየ።

ይህ ግምት ትክክል አይመስለኝም። ካሜራ የሚይዘው እንቅስቃሴን ነው፤ ፖሎክ ግን ሸራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ የመመልከት፣ ከዚያ መልሶ ወለል ላይ የመዘርጋት ልማድ ነበረው። የቀለሙን አወራረድ እንደሚቆጣጠርና ድንገተኛ ነገር እንደማይቀበል በ1950 በተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ራሱ ተናግሯል። በ1998 የጥበብ ታሪክ ተመራማሪው ፔፔ ካርሜል የናሙትን ፎቶግራፎች በኮምፒዩተር አገጣጥሞ፣ ከላይኛው የቀለም ድር ሥር የሰው ቅርጾች ቀድመው ተሥለው እንደነበር ተከራክሯል። ሐሳቡ ሁሉንም አላሳመነም፤ ሆኖም እነዚያው ፎቶግራፎች የተደራጀ ሥራ ማስረጃ ሊሆኑ መቻላቸውን አሳይቷል።

ወለሉም መስካሪ ነው። በ1953 መጋዘኑ ለክረምት ሲጠገን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ተሸፍኖ ነበር። ክራስነር በ1984 ካረፈች በኋላ ሰሌዳው ሲነሣ «አውተም ሪትም»ንና «ብሉ ፖልስ»ን ጨምሮ የታላላቅ ሥራዎቹ ቀለም ከሥሩ ተገኘ። ክንዱ ሸራው ባለቀበት አላቆመም፤ መስመሩ ጠርዙን አልፎ ጣውላው ላይ ወርዷል።

ናሙት ፎቶግራፎቹን ባነሣበት በ1950 መኸር ፊልምም ቀርጿል። መጋዘኑ ውስጥ በቂ ብርሃን ስላልነበረ ከቤት ውጭ በብርድ ሠሩ፤ ፖሎክ መስታወት ላይ ሲሥል ካሜራው ከሥር ወደ ላይ ያየው ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አላረካውም። ጠራርጎ አጠፋውና እንደገና ጀመረ። ሁለተኛው ሥራ «ቁጥር 29» ተብሎ ዛሬ ኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛል፤ የመጀመሪያው የቀረው በፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው።