ደገኛው እና ጫማው



ስለ በረዶና ስለ ወፍራም ጫማ ሲነገር፣ ብዙ ሰው የሚያስበው የሩሲያን ወይም የስዊድንን አገር ነው። ነገር ግን የበረዶን ነገር ከገዛ ታሪካችን ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ የባሕር ማዶ ዘመቻቸውን ሲያሰናዱ፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ሰው በአዱሊስ ወደብ በአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሕፈት ገልብጦ አስቀርቶልናል። ጽሕፈቱ ከካሌብ ዘመን በብዙ የቀደመ የአክሱም ንጉሥ የድል መታሰቢያ ነው። ንጉሡ ታላቁን ወንዝ ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፣ ተራራቸውም ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት እንደ ሆነ ይናገራል። ወንዙን ሊቃውንት ተከዜ ነው ይሉታል፤ ተከዜም የሚነሣው ከላስታ ደጋ ነው።

በዚሁ በላስታ፣ የላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ያለችው ብልባላ፣ ጥንታውያኑ የብልባላ ጊዮርጊስና የብልባላ ቂርቆስ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙባት፣ የዚሁ ደጋ ልጅ ናት። በዚያ አገር በክረምት ጭቃውና የሰማዩ በረዶ እግርን ያበሰብሳል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር በከፍታው ላይ ያለው ሣር በውርጭ ነጥቶ ይነጋል። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን ሌሊቱን በሜዳ የሚያሳልፈው በዚሁ የቁር ወራት ነው፤ ብዙው የቀናት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይደርሳል፤ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ሲደርስም ጫማ ያለው ጫማውን አውልቆ በዐለቱ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ብርዱ ካለን፣ የከብት ቆዳም ከሞላን፣ አባቶቻችን ስለ ምን ለዘመናት በባዶ እግር ሄዱ? ምክንያቱ ድህነት ብቻ ነው የሚል ሰው ነገሩን ግማሽ ተናገረ። የቀደሙት መኳንንት ሀብት ሳያጡ በባዶ እግራቸው በበቅሎና በፈረስ ይቀመጡ ነበር፤ የአገራችን የጥንት እርካብ የእግር አውራ ጣት የሚገባበት ጠባብ ቀለበት ስለ ነበረ፣ ጫማ ያደረገ እግር አይቀበልም። ቆላ የሚወርደው መንገደኛ እሾኹን ፈርቶ ጫማ ያደርግ እንደ ሆነ እንጂ፣ ደጋውን በባዶ እግሩ ይረግጠው ነበር። ከዚህም የሚከፋው ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ቆዳ የሚያለፋውን ሰው መናቃችን ነው። ፋቂ የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆኖ ኖረ። ሙያው በተናቀበት አገር ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው እደ ጥበብ ኀፍረት የተቀላቀለበት ስለሚሆን፣ ጥበቡ አያድግም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን ተረድተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሆኖም አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለወጥም።

የደገኛው እግር ከእውነተኛው የበረዶ ጫማ ጋር በብዛት የተገናኘው በኮሪያ ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ የ1944 ዓ.ም.ን የበረዶ ወራት በተራራ ላይ ምሽግ አሳለፈ። በጦርነቱ ጊዜ በየተራ ከዘመቱት ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ በጠላት የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

በዚያ ጦርነት ለተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት ከታደሉት ጫማዎች አንዱ ታችኛው ክፍሉ ላስቲክ፣ ላይኛው ቆዳ፣ ውስጡም የሱፍ ንጣፍ ያለው ነበር። ይሁን እንጂ ጫማውን ማግኘት ብቻውን እግርን አላዳነም። ላስቲኩ ውጫዊውን እርጥበት እንደሚከለክል፣ የእግርንም ላብ አያስወጣም። ወታደሩ ሲጓዝ እግሩ ያልበዋል፤ በምሽግ ጸጥ ብሎ ሲቆም ላቡ ይቀዘቅዝና እግሩን ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ትርፍ ካልሲና ትርፍ ንጣፍ ተሰጥቶ፣ አንዱን በእግሩ ሲያደርግ ሌላውን በልብሱ ውስጥ በገላው ሙቀት እንዲያደርቅ ይታዘዝ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ እግርን የሚያሞቀው የጫማው ውፍረት ብቻ ሳይሆን የውስጡ ድርቀት መሆኑን ነው።

የሻምበል አበበ ቢቂላን ባዶ እግር ጠቅሶ የሚከራከረን ሰው አይጠፋም። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮማ ያሸነፈው ግን በመስከረም ምሽት፣ በከተማ ጎዳና ላይ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ሲያሸንፍ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነበር።

እንግዲህ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ብልባላ ወይም ወደ አቡነ ዮሴፍ ግርጌ የሚላክ ሠራተኛ ይህን ያስብ። ጫማውን ሲገዛ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጎ ይለካ፤ ጣቶቹ የማይንቀሳቀሱበት ጫማ ደሙን ስለሚያግድ፣ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን አያሞቅም። ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት የሚያልፍ፣ ስፌቱ የጠበቀ፣ ሶሉም ጭቃና ዳገት የሚቆነጥጥ ይሁን። ማታ ሲያወልቀው ጭቃውን ጠርጎ፣ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያኑረው እንጂ ከምድጃ አጠገብ አያስጠጋው፤ ቆዳ በእሳት ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ ሰም ወይም ቅባት ይቀባው። የተቻለው ሁለት ጫማ ይዞ ያፈራርቅ፤ ያልተቻለው ሁለት ካልሲ አይጣው።

ይህን ሁሉ አድርጎ የሄደው ሠራተኛ፣ በዚያው በውርጩ ማለዳ ከጎማ በተቆረጠ በረባሶ፣ ያለ ካልሲ፣ ወደ እርሻው የሚወጣ ገበሬ ያገኛል። የሁለቱም እግር አንድ ዓይነት ሥጋና ደም ነው። በቆዳ ሀብቷ የምትታወቅ አገር የደገኛዋን እግር ለማልበስ የሚያንሳት ቆዳ አይደለም፤ ቆዳውን የሚያለፋውንና የሚሰፋውን እጅ ማክበር ነው። የ1900 ዓ.ም. አዋጅ የጀመረውን መፈጸም የእኛ ፋንታ ነው።