የደንብ መጽሐፍ ዋጋው ስንት ነው?

(በወላይታ ሶዶ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



ገበታ ስንጫወት ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ የገበታ ደንብ አይሸጥም፤ ታላቅ ለታናሽ በቃል ያስተላልፈዋል። በአሜሪካ በ1966 ዓ.ም. የወጣው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ ግን ደንቡን በሦስት ትንንሽ ጥራዞች አሳትሞ በ10 ዶላር ሸጠ። አሳታሚው በ2001 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ተባዙብኝ ብሎ ዲጂታል ቅጂዎቹን ከገበያ አነሣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መሠረታዊውን የደንብ ክፍል ማንም ምንጩን እየጠቀሰ በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ቅጂ ማባዛት ምንም በማያስወጣበት ዘመን ለደንብ መጽሐፍ የምንከፍለው ስለ ምን ነው? ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም፣ በአገራችን የሕግ ታሪክ ውስጥ ቁም ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። አዋጁ በጋዜጣው የወጣን ሕግ ማንኛውም የመንግሥት አካልና ማንኛውም ሰው እንዲቀበል ያስገድዳል። በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ደግሞ «ያንዱ ዋጋ» የሚል መስመር ታትሟል። እንግዲህ ዜጋው እንዲገዛበት የተገደደውን ደንብ ለማንበብ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ክፍያው ለሕጉ ቃል አልነበረም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕግ ነክ ኦፊሴላዊ ጽሑፎች ጥበቃ አይሰጥም፤ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴንም እንደዚሁ። ገዢው የሚከፍለው ለወረቀቱና ለኅትመቱ ነበር። ለሶዶ ሰው ግን ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው መንገድ በላዩ ይታከልበታል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ኖረ፤ በኋላም በስካነር ተነሥቶ ከስልክ ወደ ስልክ በነፃ ይተላለፍ ጀመር። እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርሁ።

በ2012 ዓ.ም. ከሶዶ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጡ አንድ አረጋዊ አርሶ አደር፣ መሬታቸው ለመንገድ ሊወሰድ መሆኑን ገልጸው ስለ ካሳው ጠየቁኝ። ስልኬን ከፍቼ ከአዋጅ ቁጥር 455/1997 አነበብሁላቸው፤ ባለፉት 5 ዓመታት ከተገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ። ከሳምንት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በወረቀት የታተመውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ያነበብሁት አዋጅ ተሽሯል። አዲሱ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ይል ነበር። የሰውዬው ገቢ በየዓመቱ 20,000 ብር ቢሆን፣ በፊተኛው ስሌት 200,000፣ በኋለኛው 300,000 ብር ይደርሳቸዋል።

ወደ ቀበሌያቸው ሄጄ ስሕተቴን ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ዋናው ወረቀት ስንት ይሸጣል?» አሉኝ። ጥቂት ብር መሆኑን ስነግራቸው ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በነፃ ያገኘሁት ፋይል አንድም ቃል አልጎደለበትም፤ የጎደለው «ይህ ተሽሯል» የሚለው ማስታወቂያ ነበር። ወረቀትና መንገድ ከሒሳቡ ሲወጡ የሚቀረው ወጪ ይህ ነው፦ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ እየተከታተለ የሚመዘግብ፣ ስለ ቅጂውም ትክክለኛነት ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ደመወዝ። ይህን ወጪ በአንባቢው ላይ ብንጭነው አርሶ አደሩ ከፋዩ ይሆናል፤ ማንም ባይከፍለው ደግሞ እንዳየነው፣ አርሶ አደሩ እጥፍ ድርብ አድርጎ ይከፍለዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። አዲስ ክልል አዲስ ሕግ ያወጣል። የሕጉ ዲጂታል ቅጂ ለአንባቢው በነፃ ይሁን፤ የጠባቂው ደመወዝ ግን በመንግሥት በጀት ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ይጻፍ እላለሁ። ወላይትኛ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ነውና፣ የተርጓሚው ድካምም በዚያው መዝገብ ይቆጠር።