የግራዚያኒ ቴሌግራሞችና ያልተሰየመው ችሎት

መርካቶ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ የሆነው በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ የሚገበያየው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው አስተዳደር ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ፕላን አራዳን ለአውሮፓውያን አስቀርቶ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሰፈር አዛወረው። ገበያው ጸንቶ ከመቶ ሺዎች እንጀራ ጋር ተሳሰረ። ያን አስተዳደር የመሩት ሹማምንት ግን በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ግፍ ችሎት ሳይቆሙ አልፈዋል።

ከግፉ ሁሉ የከተማዋ ሰው የማይረሳው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረውን ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በወራሪው እንደራሴ በማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ወዲያው የከተማዋ የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችን አሰማራ። ለሦስት ቀን ጎጆዎች ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ነደዱ፤ ከእሳቱ ለማምለጥ የወጣው ደጃፉ ላይ ተገደለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርሶታል፤ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ገምቷል።

ግፉን የሚያስረዳው ማስረጃ ከተጎጂዎች አፍ ብቻ የተገኘ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲረሸኑ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ፤ ትእዛዙ ሲፈጸም 297 መነኮሳት መገደላቸውን በቴሌግራም ወደ ሮም አስታወቀ። ጥቂት ቆይቶ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ካምቤል ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ይናገራል። ኢትዮጵያ እነዚህን የመሰሉ ቴሌግራሞች ከምስክሮች ቃል ጋር አሰባስባ አሳተመች። ገዳዩ በራሱ ቃል የመሰከረበት እንዲህ ያለ ፋይል የያዘ ከሳሽ ጥቂት ነው።

የጎደለው ዳኛ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1936 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሲቋቋም ኢትዮጵያ አልተጋበዘችም። በኮሚሽኑ ዓይን የጦር ወንጀሉ ዘመን የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለሆነ የኢትዮጵያ በደል ከጉዳዩ ውጭ ሆነ። መንገዱን የከፈተው በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል ነው። አንቀጽ 38 ለኢትዮጵያ ጉዳይ የዘመኑን መነሻ ወረራው ወደተጀመረበት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መለሰው፤ አንቀጽ 45 ደግሞ ጣሊያን በጦር ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎችን እንድታስረክብ ግዴታ ጣለባት። ኢትዮጵያም የራሷን የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቋቁማ የ10 ሰዎችን ስም አቀረበች። ከነዚህ ውስጥ ማርሻል ፒየትሮ ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ አሌሳንድሮ ሌሶና፣ ኮርቴዜና ጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊ ይገኙበታል። ባዶሊዮ የተጠየቀው በተለይ በጦርነቱ ለተረጨው የመርዝ ጋዝ ነው። በ1940 ዓ.ም. የለንደኑ ኮሚሽን ለመክሰስ የሚያበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ጨርሶ ተበተነ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የመንግሥታት ፈቃድ ጉዳይ ሆነ። ባዶሊዮ የእንግሊዝ ባለውለታ ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያንን ከሂትለር ለይቶ እጅ የሰጠው እሱ ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት ደመና ሲጠቁር ደግሞ ምዕራባውያን ጣሊያን ከኮሚኒስቶች እጅ እንዳትገባ ሰጉ። በ1949 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ባዶሊዮና ግራዚያኒ እንዲሰጧት እንግሊዝን ብትጠይቅ እርዳታ ተነፈገች። ኤርትራን ለማስመለስ የምዕራባውያኑን ድምፅ ትሻ የነበረች አገር ጥያቄውን ወደ ጠብ ልትወስደው አልቻለችም። ይህን የመንግሥቱ ድክመት አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው፤ በጊዜው ግን ኤርትራንና ፍርዱን ባንድ ላይ የማግኘት ዕድል አልነበረም።

ኑረምበርግና ቶክዮ ላይ የጀርመንና የጃፓን ሹማምንት በሞት ሲቀጡ የጣሊያኖቹ ጉዳይ በዚህ ተዘጋ። የፓሪሱ ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኖ ነበር፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው ከካሳው ገንዘብ ነው። ግራዚያኒን የአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት ፈረደበት፤ ጥፋቱ ግን ከናዚዎች ጋር መተባበሩ ነበር፣ የአዲስ አበባና የደብረ ሊባኖስ ሰዎች በክሱ አልተነሡም። ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ፤ በ1947 ዓ.ም. ሞተ። ባዶሊዮም በ1949 ዓ.ም. ተከተለው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዙን ነገር በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ግራዚያኒ የተቀበረባት የጣሊያን ከተማ አፊሌ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ አቆመችለት፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይፍረስ ብለው ሰልፍ ወጡ።