እንሰትና ፍግ፤ አፈር የሕዝብን ዕድል እንዴት እንደሚወስን

የሕዝቦችን ታሪክ ስናነብ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ እንማራለን፤ ነገሥታቱንና ሠራዊቱን ስለ መገበው አፈር ግን የምንማረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አፈሩን ያራቆተ ሕዝብ ኃይሉም አብሮ እንደሚደክም ታሪክ ይመሰክራል። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የነበሩት የሱሜር ሰዎች እርሻቸውን ብዙ ዘመን በመስኖ ካጠጡ በኋላ ጨው በመሬቱ ላይ ወጣ፤ ስንዴውም እየጠፋ ሄዶ ጨው በሚችለው በገብስ ተተካ። በአገራችንም ስለ አክሱም መዳከም የመረመሩ ሊቃውንት፥ ከንግዱ መቋረጥ ጋራ ዳገቱ ታርሶ፥ ዛፉ ተቈርጦ አፈሩ በጎርፍ መታጠቡን ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ይቈጥሩታል።

እኛ በአታትና በአካባቢው የምንኖር ተማሪዎች ይህን ነገር ለማጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በጓሯችን የቆመውን እንሰት መመልከት ይበቃናል።

እንሰት ሙዝ ቢመስልም ፍሬው አይበላም፤ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ለመድረስም እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያህል ይቆያል። በነዚህ ዓመታት ሰፊው ቅጠሉ የዝናሙን ኃይል ያበርዳል፤ የወደቀውም ቅጠል መሬቱን ያለብሰዋል። ከሁሉም በላይ በየማለዳው እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከበረት ጠርገው የሚያወጡት ፍግ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ከብቱ የእንሰት ቅጠል ይበላል፤ እንሰቱ በከብቱ ፍግ ይለማል፤ ሰውም በሁለቱ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ጓሮ ሳያርፍ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይመግባል። ፍግ የማይደርሰው የሩቁ እርሻ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

የዚህ አለማም ጥቅም በችግር ቀን ታይቷል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈታ፤ ዝናሙም ስለ ቀረ ሕዝቡ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። እንሰት ግን ከጥንት ጀምሮ የሚለማው በእጅ ተቈፍሮ ነው። ደግሞም የአንድ ዓመት ዝናም ቢቀር አይጠፋም፤ ተፍቆ በጕድጓድ የተቀበረውም ቆጮ ለወራት፥ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። በ1966 ዓ.ም. በወሎ፥ በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ፥ ከእንሰት አገሮች ብዙዎቹን ከዚያ ዓይነት እልቂት ያተረፋቸው ይህ ነው። ይህን ማለታችን የሞፈርን ዕውቀት ለማቃለል አይደለም፤ ጤፍና ስንዴም ትልቅ መንግሥት አቁመዋል።

እንሰት የሕዝቡን አኗኗርም ቀርጿል። ምግቡ ከደጅ ስለሆነ፥ መፋቁና ማዘጋጀቱም በእናቶች እጅ ስለሆነ፥ አባቶች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ለመስቀል ለመመለስ ቻሉ። መሬቱም ለብዙ ሕዝብ ስለ ጠበበ መሄዱ ግድ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ የሚያሠራ ማኅበር አቋቋሙ። የዚያ ገንዘብ ሥሩ ቢፈለግ እናት በጓሮ ከጠበቀችው እንሰት ይደርሳል።

ነገር ግን በአንድ ተክል ብቻ መመካት አደጋ አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታ፤ ከገዥዎቹ ቸልታ ጋራ ተደርቦ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። የእኛም እንሰት የሚያጠወልግ በሽታ አለበት። መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ገልጸዋል። በሽታው በቢላዋና በመቈፈሪያ ስለሚተላለፍ፥ ቢላዋውን በእሳት ማቃጠልና የታመመውን ነቅሎ መቅበር ያስፈልጋል።

ከዚህም ቀስ ብሎ የሚመጣ ሌላ ጕዳት አለ። ግጦሹ ሲጠብ ከብቱ ያንሳል፤ ከብቱ ሲያንስ ፍጉ ያንሳል። ባሕር ዛፍና ጫትም ገንዘብ ስለሚያመጡ የእንሰቱን ቦታ እየወሰዱ ነው። ከእኛ መካከል ደብተሩ በባሕር ዛፍ ሽያጭ የተገዛለት ተማሪ ብዙ ስለሆነ፥ በወላጆቻችን መፍረድ አይገባንም። ነገር ግን እንጠይቅ፦ እኛ ሁላችን ተምረን ከሄድን ፍጉን ወደ ጓሮው የሚያወጣው ማን ነው?

ትምህርት ከአፈር መሸሺያ እንዲሆን አንሻም። የሚፋቀው እንሰት የእናቶችን ጕልበት የሚያደክም ስለሆነ፥ ድካማቸውን የሚያቃልል መሣሪያ የሚሠራ፥ በሽታውን የሚመረምር፥ ከአንድ ተክል ጎን ሌላ የሚተክል ከዚህ ትምህርት ቤት ይውጣ። አያቶቻችን ከአፈሩ የወሰዱትን መልሰውለት ነበርና መሬቱን ለም እንደሆነ ተረከብነው። እኛም ለልጆቻችን እንዲሁ እናስረክብ ዘንድ ዕዳ አለብን።